በድንች ቤት የከረመው ቺዝ

ይህ የደረሰብኝ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ በገቡበት ዓመት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ነበር፤ እኛ ቀኑን፣ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሥጋና ወተቱን። ያ ወር ከአእምሮዬ የማይወጣው በአንድ በኩል ሥራዬን ላጣ ስለነበረ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በሕይወቴ ለመዋሸት የዚያን ያህል የቀረብኩበት ጊዜ የለም።

ፎዚያ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከከማልና ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ሥራዬ ቺዝ መሥራት ነው። የእኛን አይብ ማለቴ አይደለም። ፈረንጆቹ ጨው ውሃ ውስጥ ነክረው፣ መደርደሪያ ላይ ደርድረው ለሳምንታት የሚያከርሙትን ክቡን ቺዝ ማለቴ ነው። ቀድሞ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያውን እዚያ ቀሰምኩ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ሥራውን ለቀቅኩና ኮተቤ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የራሴን ጀመርኩ።

ቺዝ ዕድሜ ያለው ነገር ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት የቆየው ለጋ ይባላል፤ ለስላሳ ነው፣ ሲቆርጡት ትንሽ ይሳባል፣ ወተት ወተት ይላል። ትኩስ ዳቦ ላይ ሲያደርጉት ይቀልጣል። ወራት የከረመው ደግሞ ይደርቃል፤ ቢጫው ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ወደ ተቆላ ለውዝ ይሄዳል፣ ጥርስ ስር ጨው የሚመስል ነገር ይንኮሻኮሻል። እሱን ፈቅፍቀው ፓስታ ላይ ይነሰንሱታል። እኔ ሁለቱንም እሠራለሁ።

ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ብዙ የውጭ ቺዝ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር ነው፤ ጥጃው እንዴት እንደታረደ ደግሞ የሚያውቅ የለም። እኔ ከእንስሳ ያልተገኘውን ማርጊያ ነው የምጠቀመው። ስለዚህ መገናኛ ያሉት ባለሱቆች «ፎዚያ የሠራችው ከሆነ ሌላ አትጠይቁ» ይሉልኛል። ይህቺ ቃል ለእኔ ከማስታወቂያ በላይ ነበረች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት ይተርፋል። ላሟ ጾም ገባ ብላ ወተቷን አታቆምም፤ የሚጠጣው ግን የለም። የኮተቤ ላም አርቢዎች ያን ጊዜ ደውለው «ኧረ እባክሽ ውሰጂልን» ይላሉ። እኔም ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ያን ወቅት ነው። በዚያ ዓመት ሃያ ስድስት ክብ ቺዝ ሠራሁ። የሚበዛው ለኢድ የታዘዘ ነበር። የቀረውን መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ለፋሲካ ይፈልገው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። መብራት ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሁለት ቀን አለፈ። ጄኔሬተር ፍለጋ ያልደወልኩበት ሰው የለም፤ ሁሉም ተይዟል። የማቀዝቀዣው ክፍል ሙቀት እየጨመረ ሄደ። ሐሙስ ጠዋት በሩን ስከፍት ቺዞቹ አልቧቸዋል። ላያቸው ላይ ቅባት ጠብ ጠብ ብሏል። አንዱን በጣቴ ስጫነው ጣቴ ሰመጠ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከማል ዳማስ ነው የሚነዳው፤ የሰውም የዕቃም ሥራ ይሠራል። ሁኔታዬን አየና፣

«ተነሺ፣ እንጫናቸው» አለኝ።

«የት ልንወስዳቸው?»

«እንጦጦ። እዚያ ብርዱን በነጻ ነው የሚሰጡት።»

ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ ጫንናቸው። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ እየቆምን የሚከራይ ቀዝቃዛ ክፍል መጠየቅ ጀመርን። ሰዎቹ መጀመሪያ ጥሩ ፊት ያሳዩናል። ከማል የዳማሱን በር ሲከፍት ግን ሽታው ይወጣና ነገሩ ይበላሻል። አንድ ሰውዬ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው «ምንድነው የጫናችሁት? የሞተ ነገር ነው?» አሉን። ሌላዋ «ጾም ነው እኮ!» ብላ በሩን ዘጋችብን። አልፈረድኩባትም።

አምስተኛ ወይም ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት አጥራቸው ስር ፀሐይ እየሞቁ ነጭ ሽንኩርት ይፈለፍሉ ነበር። እንደተቸገርን ከፊታችን አወቁ መሰለኝ፣ እኛ ሳንጠይቃቸው፣

«ምን ጠፍቷችሁ ነው፣ ልጆቼ?» አሉን።

ነገርናቸው። ተነሥተው ወደ ዳማሱ መጡና ጎንበስ ብለው አሸተቱ። አፍንጫቸውን አልያዙም።

«ፎርማጆ ነው አይደል? እህቴ ነፍሷን ይማረውና ጣሊያን ቤት ትሠራ ነበር። ልብሷ ሁሉ ይሄን ይሄን ይሸት ነበር።» ትንሽ አሰቡና «የድንች ቤት አለኝ። እዩትና ከሆነላችሁ እሰየው» አሉን።

እማማ አስካለ ማለት እኚህ ናቸው። ባላቸው ግንበኛ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ከጓሮው ቁልቁለቱን ቆፍረው፣ በድንጋይ ገንብተው፣ ለድንች ማስቀመጫ የሚሆን ክፍል ሠርተው ነበር፤ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ድንቹም ቀርቶ ባዶውን ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ረጥቧል። ቴርሞሜትሬን አውጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና ትንሽ ቆየሁ። ዐሥራ ሁለት ዲግሪ አለ። ኮተቤ በኤሌክትሪክ ስታገል የምኖረው እዚያች ቁጥር ላይ ለመድረስ ነው።

ስለ ኪራይ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። «የድንች ቤት አከራይቼ አላውቅም» አሉ።

ከማል ሁለት መደርደሪያ አቆመልኝ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ቺዝ በየቀኑ መገልበጥና በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ መጠረግ አለበት። እኔ ከየካ አባዶ በየቀኑ መምጣት አልችልም ነበር። እማማ አስካለ እንዴት እንደማደርገው ቆመው ተመለከቱና «እንደ ሕፃን ነው ማለት ነው፤ ይገላበጣል፣ ይታጠባል። ለዚህ እዚህ ድረስ ምን ያመላልስሻል? እኔ አደርገዋለሁ» አሉ።

ቁመታቸው ለላይኛው መደርደሪያ ስለማይደርስ ተካፈልን። የታችኞቹን ዐሥራ አራቱን እሳቸው በየቀኑ፣ የላይኞቹን ዐሥራ ሁለቱን እኔ ስመጣ።

ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አብረን እንሠራለን። እሳቸው እስከ ፋሲካ ጫፉንም አይቀምሱትም። የእኔም አፍ ቀን ቀን ዝግ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው በእጅና በአፍንጫ ብቻ ነበር። እማማ አስካለ ለዚህ ተፈጥረዋል። አውራ ጣታቸውን ጫን አድርገው «ይሄ ገና ነው» «ይሄ ጠንክሯል» ይላሉ፤ እኔ ቤት ወስጄ ካፈጠርኩ በኋላ ስቀምሰው እንዳሉት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ታናሿ ልጄ ታመመችብኝና ለዐሥር ቀን ያህል መሄድ አቃተኝ። እማማ አስካለን በስልክ እጠይቃቸዋለሁ፤ «ምንም አታስቢ፣ ልጅሽን አስታሚ» ይሉኛል። ከማል በዚያ ሲያልፍ እየገባ የላይኞቹን ይገለብጥልኝ ነበር። ኢድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጄ ተሻላትና ሄድኩ።

የድንች ቤቱን በር ስከፍት የማላውቀው ሽታ ተቀበለኝ። ጾም ሲሆን አፍንጫ ይነቃል። የቺዝ ሽታ አለ፣ የድንጋይ ሽታ አለ፣ በእነሱ መሃል ግን አንድ ሌላ የሚሰረስር ነገር አለ። የላይኞቹ ቺዞች ላይ የድመት ግልገል ፀጉር የመሰለ ግራጫ ሻጋታ በቅሏል፤ እሱ የተለመደ ነው፣ በብሩሽ ይነሣል። የታችኞቹ ግን አንድም ሻጋታ የላቸውም። ላያቸው ወደ ብርቱካናማ ቀለም ሄዷል፤ ያብረቀርቃሉ። እንደዚያ ያማረ ቺዝ ሠርቼ አላውቅም።

«እማማ፣ በምንድነው ያጸዷቸው?»

ፈገግ አሉ። ሊያስደስቱኝ ሲጠብቁ እንደነበር ያስታውቃል።

«ሻጋታው አስቸገረኝ። ብጠርገው ይመለሳል፣ ብጠርገው ይመለሳል። በመጨረሻ የደብረ ብርሃን አረቄ ነበረችኝ፣ በእሷ አሸሁለት። ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም!»

«በጣም ያምራሉ» ያልኩ ይመስለኛል። ቶሎ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ከማልን ጠበቅኩት።

ያን ምሽት ካፈጠርን በኋላ ቺዞቹን በሐሳቤ ቆጠርኩ። ለኢድ የታዘዘብኝ ሃያ ነው፤ አረቄ ያልነካው ዐሥራ ሁለት ብቻ። ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። አረቄ ይተናል። ላዩን በስሱ ብልጠው ምንም አይታወቅም። እማማ አስካለ ለማን ይናገራሉ? ማን ይጠይቃል? ደግሞ ያ ነው ችግሩ። ደንበኞቼን እንዳይጠይቁ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ለከማል ነገርኩት። «ልጆቻችን ከዚያ እንዲበሉ ትሰጫቸዋለሽ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። «አልሰጥም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ከሁሉ የከበደኝ ለእማማ አስካለ መንገር ነበር። ባልነግራቸው ደግሞ ነገም በአረቄው ማሸታቸውን ይቀጥላሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ እያየሁት ነበር።

«ጾምሽን አስፈታሁሽ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ኧረ የለም! እኔ አልቀመስኩትም፤ ማንም አልቀመሰውም።»

«ሰው የማይነካውን ነገር ምግቡ ላይ አፈሰስኩ። እስላም መሆንሽን እያወቅኩ። ምን ነክቶኝ ነው?» እንባቸው መጣ። በነጠላቸው ጠረጉና ተነሡ። «አሁን ይሄን ቺዝ የሚጠብቁት ሰዎች እነማን ናቸው? ውሰጂኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አይሆንም ብላቸው አልሰሙኝም። ለኢድ ሃያውን ላዘዘኝ የመገናኛ ባለሱቅ እኔው በስልክ እውነቱን ነገርኩት፤ ስምንቱ እንደሚጎድል፣ ለምን እንደሚጎድል። ከዚያ «ዐሥራ ሁለቱን አምጪ፤ ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ለሆቴሉ የሚተርፉት አረቄ የነካቸው ብቻ ስለሆኑ፣ እማማ አስካለ ግን እዚያ ድረስ ካልሄድኩ አሉ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አንድ ቺዝ በጨርቅ ጠቅልለው ዳማሱ ውስጥ ገቡ።

የሆቴሉ ሼፍ ዮናስ ይባላል፤ የእኔ እኩያ ነው። በጓሮ በር ወደ ኩሽና አስገባን። ምሳ አልፎ ሠራተኛው ሁሉ ዕቃ እያጣጠበ ነበር። እማማ አስካለ ከዚያ ሁሉ ድስትና ብረት መሃል በጣም አጭር ሆነው ታዩኝ። ቆሙና፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ አታውቅም ነበር። ሻጋታ ይገድላል ብዬ አረቄ አሸሁበት። አበላሸሁት» አሉ።

ዮናስ ጨርቁን ገለጠ። አገላብጦ አየው። በጥፍሩ ጫር አድርጎ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«እናቴ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል! ሻጋታው አስቸገረኝ እንጂ።»

«ፈረንጆቹ እኮ እንዲህ ያደርጋሉ። ቢራም፣ የወይን ጠጅም፣ የራሳቸውን አረቄም እየቀቡ ያከርሙታል። በጣም የሚፈለግ ነው። እኔ እዚህ አገር ተሠርቶ አይቼ አላውቅም።» ቢላ አነሣና ቆረጠው። ውስጡ ክሬም መስሏል፤ ከቢላው ጋር ሊመጣ ይላል። ቁራሹን ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል እጁ ቆመ። «ጾም ነው» አለ።

ወደ እኔ ዞረ። አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ እማማ አስካለ ማየት እንኳ አላስፈለገውም። ከዚያ ጮክ ብሎ፣

«እዚህ ኩሽና ውስጥ የማይጾም ማነው?» አለ።

ሠራተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። እኚያን ነጭ የለበሱ አሮጊት ፊት ለፊት አድርጎ «እኔ አልጾምም» ለማለት ማን ይደፍራል? በመጨረሻ ጥግ ላይ ዱቄት የለበሰ ኬክ ጋጋሪ፣ ቢኒያም የሚባል ወፍራም ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ እጁን ግማሽ ድረስ አነሣ።

«እኔ... ዘንድሮ አልያዝኩም» አለ።

እማማ አስካለ ሳያመነቱ «ለዚህ ቀን ያስቀረህ እሱ ነው፤ ና ብላ!» አሉት። ኩሽናው በሳቅ ሞላ።

ቢኒያም መጥቶ ቁራሹን ጎረሰ። ሁላችንም አፉን እያየን ነበር። ያላመጠው ለአንድ ሰዓት ያህል መሰለኝ።

«መጀመሪያ አፍንጫህን ይይዝሃል። ጠንካራ ነው። ግን ከዚያ... እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ጨው አለው፣ ትንሽ ደግሞ ይጣፍጣል። መጨረሻ ላይ የተጠበሰ ሥጋ የበላሁ ነው የመሰለኝ» አለ።

ከኋላ አንዱ «ኧረ ተው፣ በጾም!» አለው።

ዮናስ ዐሥራ አራቱንም እወስዳለሁ አለ። ለፋሲካ ከዳቦና ከማር ጋር አቀርበዋለሁ፤ በአረቄ የታሸ መሆኑንም ምግብ ዝርዝሩ ላይ እጽፋለሁ አለ። እኔ ግን አረቄ የነካውን ነገር መሸጥ አልፈለግኩም። «እነዚህ የእኔ አይደሉም፤ የእማማ አስካለ ናቸው። ከእሳቸው ግዛ» አልኩት። እሳቸው ሊከራከሩኝ ቢሞክሩም አልሰማኋቸውም፤ በዚያች ቀን እምቢ የማለቱ ተራ የእኔ ነበር። የወተቱን ወጪ ብቻ ወሰድኩ። በቀረው የድንች ቤቱ ተጠገነ፤ ጎኑ ላይም ሌላ ትንሽ ክፍል ወጣ።

በፋሲካ ጠዋት ልጆቻችንን ይዘን እንኳን አደረሰዎ ልንላቸው ሄድን። እማማ አስካለ ለራሳቸው አንድ ቁራሽ አስቀርተው ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ሲያገላብጡት፣ ሲያጥቡት፣ ሲያሹት ከርመው ገና መቅመሳቸው ነው። ቆርጠው አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ላመጡ፣ ላመጡ፤ በግድ ዋጡት። ከዚያ ውሃ ጠጡ።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ። «ይሄን ሰው በፈቃዱ ነው የሚበላው?»

ከማል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እሳቸውም ሳቁ። ለራሳቸው ትኩስ አይብ በጎመን ነበራቸው፤ እሱን በሉ።

አሁን ሁለት ክፍል ነው ያለን። በትልቁ የእኔ ቺዞች ይከርማሉ፤ በጨው ውሃ ብቻ። በትንሹ ደግሞ እማማ አስካለ ለጋውን ከእኔ እየወሰዱ በአረቄ ያሻሉ፣ ለዮናስም ራሳቸው ይሸጣሉ። እዚያ ክፍል አልሠራም። ሰዎች «የእንጦጦው ቺዝ» እያሉ የሚያወሩት እሱን ነው። እኔ ቀምሼው አላውቅም፣ ልቀምሰውም አልችልም። ሠሪዋ ደግሞ አይወዱትም።

ኮተቤ መብራት ከመጣ ቆይቷል። የማቀዝቀዣ ክፍሉን ግን መልሼ አልከፈትኩትም። ስለዚያ ወር ሳስብ ትራንስፎርመሩ አይደለም የሚታወሰኝ። ያቺ ዝም ለማለት የዳዳኝባት ምሽት ናት። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ግን እማማ አስካለን ዛሬ እንደማያቸው ቀና ብዬ ማየት የምችል አይመስለኝም።